ከጡቱ በፊት ክፍሉን፦ ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን በሆስፒታል እንዲጠባ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ ሕፃን አልጠባ ሲል የሁላችንም ዓይን የሚያርፈው አፉ ላይ ነው። ምላሱ ይታያል፣ የጡቱ ጫፍ ይታያል፣ የእናቲቱ አያያዝ ይታረማል፣ ወተቱ አነሰ ይባላል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ የተረዳሁት ግን ከአፉ በፊት ክፍሉ መታየት እንዳለበት ነው፤ ድምፁ፣ ብርሃኑ፣ ቅዝቃዜው፣ ሽታው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእናቲቱ መቅረብና መራቅ። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ባሕር ዳር ውስጥ በፈለገ ሕይወትም ሆነ በጥበበ ግዮን፣ ወይም ከእነሱ ባነሰ ሆስፒታል፣ እፍኝ የምታህል ልጅ ይዘው ለሚሰነብቱ እናቶችና ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ሥራውን ገና ለጀመሩ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። ሕፃኑ በቱቦ ይመገብ ወይስ በአፍ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ይውሰድ የሚለው የሐኪሙ ውሳኔ ነው፤ እዚህ የሰፈረው ከዚያ ውሳኔ ጎን ለጎን በአልጋው ዙሪያ የሚሠራው ነው።

በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት፣ በአንድ ሆስፒታል፣ በ33ኛ ሳምንቷ የተወለደች አንዲት ልጅ ነበረች። ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ተረኞች ርክክብ በሚያደርጉበት ሰዓት፣ እናቷን አስቀምጬ ጡት አስያዝኳት። ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ከጀርባችን ሦስት ሰዎች ስለ ሌላ ሕፃን ይነጋገሩ ነበር፤ መብራቱ ሁሉ በርቷል። ልጅቷ አራት ጊዜ ያህል እንደሳበች አንድ የብረት ትሪ ከጋሪው ላይ ወደቀ። ጣቶቿ እንደ ኮከብ ተበተኑ፣ ትን አላት፣ በከንፈሯ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሰማያዊ ሆነ። ወዲያው ጎኗን አስይዘን፣ አፏን ጠርገን፣ ኦክሲጅን ሰጥተን ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ጭር ባለበት፣ ያችው ልጅ የዚያኑ ጡት ሳትቸኩል ጠባች። ጧት ላይ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ፤ ልጅቷን አዘጋጅቼ ክፍሉን አላዘጋጀሁም።

ሕፃኑ ለምን እንዲህ ይረበሻል

መጥባት መሳብን፣ መዋጥንና መተንፈስን በአንድ ላይ ማስኬድ ነው። በእያንዳንዱ መዋጥ ትንፋሽ ለአፍታ ይቆማል፤ ጊዜውን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ይህን በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል፣ ሳይቸገር፣ ያቀናጀዋል። ቀኑ ያልሞላው ግን፣ ማለትም ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደው፣ በማኅፀን ሳለ የሽርት ውኃ መዋጥን ቢለማመድም ሦስቱን ማቀናጀት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ32ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የሚጸናበትም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ስቦ ያርፋል፣ ይተነፍሳል፣ እንደገና ይጀምራል። በዚህ ስስ ቅንጅት መካከል ድንገተኛ ድምፅ ሲመጣ ይደነግጣል፤ ትንፋሹ ይቆማል፣ የልቡ ምት ይቀንሳል፣ ወተቱም ወደማይገባው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ድምፁ በዚያው ቢያበቃም የድካሙ ነገር አያበቃም፤ ሕፃኑ ለመጥባት የሚያስፈልገውን ጉልበት ራሱን ለማረጋጋት ያውለዋል፣ ከዚያም ይተኛል። «ሰነፍ ነው፣ መጥባት አይወድም» ከሚባሉት ሕፃናት ብዙዎቹ ሰነፍ ሳይሆኑ የደከሙ ናቸው።

አንደኛ፦ ድምፁን ዝቅ ማድረግ

ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሚመከረው አማካይ የድምፅ መጠን ከ45 ዲሲቤል ያልበለጠ፣ ድንገተኛውም ከ65 ዲሲቤል ያላለፈ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው እንደወትሮው ሲያወሩ ብቻ 60 ዲሲቤል ገደማ ይደርሳል። ኢንኩቤተር (ሕፃኑ ተኝቶ የሚሞቅበት ግልጽ ሣጥን) ውስጥ ላለው ሕፃን ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የእጅ ማስገቢያውን መስኮት ገፍቶ መዝጋት በውስጡ ከ80 ዲሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል፤ በክዳኑ ላይ ጡጦ ማስቀመጥ ወይም በጣት መምታትም ለእርሱ በሩ ላይ እንደተመታ ከበሮ ነው።

ምግብ ከመጀመሩ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለው እነዚህን ያከናውኑ። ስልክዎን ድምፅ አልባ ያድርጉ። የመስኮቱን መዝጊያ በጣትዎ ይዘው፣ ቀስ ብለው ያስገጥሙ። በኢንኩቤተሩ ላይ ካርድም ሆነ ዕቃ አያስቀምጡ። የወንበሩን እግር አይጎትቱ፤ አንስተው ያስቀምጡ። የሞኒተሩ፣ ማለትም የልቡን ምትና ትንፋሹን የሚከታተለው መሣሪያ፣ ድምፅ ሕይወት ጠባቂ ስለሆነ ማንም ቤተሰብ ሊያጠፋው አይገባም፤ ነርሷ ግን ሲጮህ ፈጥና በመድረስ፣ የድምፁንም መጠን ከሩቅ በሚሰማበት ልክ በመወሰን ልታሳጥረው ትችላለች። ባልደረቦቼ ሆይ፣ የጋሪው ጎማ የሚንቋቋ ከሆነ ዘይት ይቀባ፤ ክዳኑ የሚጮህ የብረት ቆሻሻ መጣያም ከሕፃናቱ ይራቅ። ወጪያቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በአንድ ቀን የሚያድኑት ድንጋጤ ግን ብዙ ነው።

የርክክብ፣ የሐኪሞች ዙርና የጽዳት ሰዓት የአፍ ምግብ ከሚሞከርበት ሰዓት ጋር እንዳይገጥም መርሐ ግብሩን ቀድሞ ማየት ይገባል። ሊገጥም ግድ ከሆነ፣ በእኔ እምነት፣ ርክክቡ ወደ ኮሪደር ይውጣ እንጂ ሕፃኑ አይቸኩል።

የእኛ አገር ክረምት የራሱ ጉዳይ አለው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ዝናብ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ በረዶም ሲቀላቀልበት፣ በክፍሉ ውስጥ ሰው ከሰው አይሰማማም። በዚያ ሰዓት ገና መልመድ የጀመረን ሕፃን ጡት አስይዞ መታገል ተገቢ አይደለም። ሕፃኑን በደረትዎ ላይ አድርገው፣ የላይኛውን ጆሮውን በመዳፍዎ በስሱ ከልለው ይቆዩ፤ የምግብ ሰዓቱ ግን መዘለል የለበትም፣ ስኳሩ ሊወርድ ይችላልና፣ ነርሷ በቱቦው ትስጠው።

ዝምታ ሲባል ግን የእናት ድምፅ ይጥፋ ማለት አይደለም። ሕፃኑ በማኅፀን ሳለ ሲሰማው የቆየው ድምፅ የእርስዎ ነው፤ ከመጥባቱ በፊትና ከጠባ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ ያነጋግሩት፣ እሹሩሩ ይበሉት። እየጠባ ሳለ ግን አንድ ሥራ ላይ ነውና ይተዉት።

ሁለተኛ፦ ብርሃኑን ማለዘብ

ቀኑ ያልሞላ ሕፃን የዓይን ቆብ ስስ ነው፤ ኃይለኛ ብርሃን ሲመጣ ወይ ጨፍኖ ያሸልባል፣ ወይ ፊቱን አጨማድዶ ያለቅሳል፣ በሁለቱም አይጠባም። ብርሃኑ ሲለዝብ ዓይኑን ይከፍታል፣ ዓይኑን የከፈተ ሕፃንም ጡት ፈላጊ ነው። ስለዚህ በምግብ ሰዓት በአልጋው ላይ ያለውን መብራት ያጥፉ ወይም ያስጠፉ፤ በምዕራብ በኩል በሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ፊት መጋረጃ ይሳቡ። ኢንኩቤተሩን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን መልካም ነው፤ አንዱ ጎን ግን ክፍት ይሁን፣ የአየር መግቢያውም አይዘጋ፣ የቆዳው መልክ ዘወትር መታየት አለበትና። ሌሊት መብራቱ ይቀነስ፣ ቀን ለስለስ ያለ ብርሃን ይኑር፤ ቀንና ሌሊትን እንዲህ መለየት ለእንቅልፉም ለእድገቱም ይበጃል። ለቢጫነት በሰማያዊ መብራት ሥር ያለ ሕፃን ሐኪሙ ከፈቀደ ለጡት ሰዓት ከመብራቱ ይውጣ፣ የዓይኑ መሸፈኛም ይነሣለት፤ የእናቱን ፊት ሳያይ የሚጠባ ሕፃን ግማሽ ጥሪው ቀርቶበታል።

ሦስተኛ፦ ሙቀቱን መጠበቅ

ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት ተብሎ ይታመናልና ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ንጋት ላይም የጣና ነፋስ በተከፈተ መስኮት ሲገባ ለትልቅ ሰው እንኳ ይሰማል። የበረደው ሕፃን ያለውን ስኳር ለሙቀት ያቃጥላል፣ ይዝላል፣ መሳቡን ይተዋል። በብብቱ ሲለካ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ በመጀመሪያ ይሙቅ፣ ጡቱ ከዚያ ይከተል። ኮፍያና ካልሲ አይለየው፤ የረጠበ ዳይፐር ከምግብ በፊት በፍጥነት ይቀየር። እግሩን በእጅዎ ጀርባ ይንኩ፤ ሆዱ ሞቆ እግሩ ከቀዘቀዘ መብረድ ጀምሯል ማለት ነው።

አራተኛ፦ ሽታውን ማጥራት

ሕፃኑ ጡትን የሚያገኘው በአፍንጫው ጭምር ነው። እጅዎን በአልኮል ካጸዱ በኋላ እስኪደርቅና ሽታው እስኪጠፋ ይጠብቁ። ሽቶ አይቀቡ። በረኪና የተነካ ወለል ገና እርጥብ ሳለ፣ ወይም ለትንኝ ፍሊት በተነፋበት አካባቢ፣ ምግብ አይጀመር። ቡና ተቆልቶ፣ እጣን ጨሶ በነበረበት ነጠላ የሚመጡ ጠያቂዎችም ከአልጋው ይራቁ፤ ይህን ለእማማ ሲነግሩ በትሕትና ይሁን፣ የመጡት በፍቅር ነውና።

በምትኩ የሚገባው ሽታ የእናት ነው። ንጹሕ ትንሽ የጥጥ ጨርቅ በጡትዎ መካከል አድርገው ያሳድሩና ጧት በሕፃኑ ራስ አጠገብ፣ ፊቱን በማይሸፍንበት ቦታ፣ እንዲደረግ ይስጡ። በቱቦ በሚመገብበት ሰዓትም ጥቂት የእርስዎ ወተት የነካው ጨርቅ በአፍንጫው አጠገብ ቢያዝ፣ የሆዱን መሙላት ከወተቱ ሽታ ጋር ያያይዘዋል። አንዲት ከዜጌ በጀልባ የመጣች እናት ይህን ጨርቅ ለውጣ ከመስጠቷ በፊት ጉንጯ ላይ ታስነካው ነበር፤ ሕፃኑም ጨርቁ ሲቀመጥለት ምላሱን አውጥቶ ከንፈሩን ሲልስ ሁለታችንም አይተናል። «ሲስተር፣ አወቀኝ እኮ» አለችኝ። አውቋታል።

አምስተኛ፦ እናቲቱን ራሷን ክፍል ማድረግ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሟልቶ የሚገኘው በእናት ደረት ላይ ነው፤ ሙቀቱ፣ ሽታው፣ ለስላሳው ጨለማ፣ የልብ ምቱ። የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ሕፃኑን ቆዳ ለቆዳ በደረት ላይ መያዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረው ኢንኩቤተር ባነሰበት ሆስፒታል ነበር፤ ዛሬ ግን የዕቃ እጥረት መሸፈኛ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የወጣው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት፣ ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ የሚመዝኑ ሕፃናት እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ከተወለዱ ጀምሮ በደረት ሲያዙ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት የሚደርሰው ሞት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያ ጥናት እናቶቹ አልጋቸው በዚያው በሕፃናቱ ክፍል ውስጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ይህ እንክብካቤ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ መክሯል። እናት በጉብኝት ሰዓት ብቻ ትግባ የሚል ደንብ ባለበት ሁሉ ደንቡ እንዲለወጥ መጠየቅ የቤተሰብም የባለሙያም ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ብቻ ለብሶ በጡቶችዎ መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ደረቱ በደረትዎ ላይ ይረፍ። ራሱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ አገጩ በትንሹ ቀና ይበል፤ አንገቱ ወደ ፊት ከታጠፈ ትንፋሹ ይታፈናል። እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፉ። ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ ጨርቅ፣ የጨርቁ ጠርዝ ከጆሮው ሥር እስኪደርስ፣ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፤ ሆዱ ላይ ግን አይጥበቅ። እርስዎ ጋደም ብለው ይቀመጡ። ሽንት ቤት ሲሄዱ ወይም ሲመገቡ አባትየው ይተካ፤ አያትም ይችላሉ። መብራት ሲጠፋና ጀነሬተሩ እስኪነሣ በሚቆይበት ጊዜ በደረት ላይ ያለው ሕፃን አይበርደውም።

ስድስተኛ፦ ወተቱን ማለብ

ሕፃኑ ገና ባይጠባም ጡቱ ሥራ መጀመር አለበት። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጀምሩ፤ ከዚያ በቀን ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትንም ጨምሮ፣ ይለቡ። እጅዎን ይታጠቡ፣ የፈላ ውኃ ያለፈበት ንጹሕ ኩባያ ያዘጋጁ፣ አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን ከጡቱ ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አድርገው ወደ ደረትዎ ገፋ፣ ከዚያ ጨመቅ ያድርጉ። መጀመሪያ ላይ ጠብታ ብቻ ቢወጣ አይደንግጡ፤ ያ ወፍራም ቢጫ እንገር ነው፣ አንዷም ጠብታ መጣል የለባትም። ሲቻል በሕፃኑ አጠገብ ተቀምጠው ይለቡ፤ ሕፃኑን እያዩ ሲሆን ወተቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ጭንቀትና ጥድፊያ ግን ያግደዋል። የታለበው ወተት ክዳን ባለው ዕቃ ሆኖ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ በሚያዝያ ሙቀት ከዚያ ያነሰ ነው።

ቅቤ ማስዋጥ፣ የስኳር ውኃና አብሽ መስጠት ለማንኛውም ሕፃን አይገባም፤ ለዚህ ሕፃን ደግሞ አንጀቱን ሊያቆስል ወይም በሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሰባተኛ፦ ሕፃኑ ሲጠራ መስጠት፣ ሲበቃው ማቆም

በሁሉም ነገር ዋናው የሕፃኑን ምልክት ማንበብ ነው። እጁን ወደ አፉ ሲወስድ፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ ራሱን ወደ ጡት ሲያዞር፣ ዓይኑን ሲከፍት ተዘጋጅቷል። ማልቀስ የረሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ እስኪያለቅስ የተጠበቀ ትንሽ ሕፃን ጉልበቱን ጨርሶ ወደ ጡቱ ይመጣል። በአንጻሩ ጣቶቹን ሲበትን፣ ጀርባውን ሲለጥጥ፣ ደጋግሞ ሲያዛጋ፣ ሲያስነጥስ፣ ስቅ ሲለው፣ ፊቱን ሲያዞር፣ ወተቱ በከንፈሩ ዳር ሲፈስ «ልረፍ» እያለ ነው።

በአፍ ከመጀመሩ በፊት፣ በቱቦ በሚመገብበት ወቅት፣ የታለበ ባዶ ጡት ላይ አፉን ያድርግ፤ ይህ ወደ ሙሉ መጥባት የሚወስደውን ጊዜ ያሳጥራል። ጡት ሲይዝ በክንድዎ ሥር ወይም በተቃራኒው ክንድዎ አድርገው አንገቱንና ትከሻውን ይደግፉ፣ አገጩም በሌላው እጅዎ ይደገፍ። ወተቱ በኃይል የሚወርድ ከሆነ ቀድመው ጥቂት ይለቡ። ስቦ ሲያርፍ ዝም ብለው ይጠብቁ፤ ጉንጩን መምታት፣ እግሩን መኮርኮር፣ ጡቱን በአፉ ውስጥ ማነቃነቅ እረፍቱን መንጠቅ ነው። ትን ካለው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ ወዲያው ያላቅቁት፣ በጎኑ ይያዙት፣ ነርሷን ይጥሩ። ያልጨረሰውን በቱቦው ይወስዳል፤ ይህ መሸነፍ አይደለም።

በኩባያ የሚመገብ ከሆነ ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፣ የኩባያውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፈው ወተቱ ከንፈሩን እንዲነካ ብቻ ያዘንብሉት። ራሱ ይላሰው፤ በአፉ አያፍስሱበት።

ስምንተኛ፦ ክፍሉንም መመዝገብ

በምግብ መመዝገቢያው ላይ ሰዓቱና ሚሊ ሊትሩ ይጻፋሉ፤ አንድ ዓምድ ይጨመር፣ «በክፍሉ ምን ነበር» የሚል። «ርክክብ»፣ «ዝናብ»፣ «ጭር ያለ»፣ «በእናቱ ደረት» ማለት ይበቃል። መግቢያው ላይ ስለጠቀስኳት ልጅ እንዲህ መጻፍ ስንጀምር፣ በአምስት ቀን ውስጥ ትን ያላት ሦስት ጊዜ ሲሆን ሦስቱም በርክክብ ሰዓት ነበር። የጧቱን ምግብ ለአንድ ሰዓት ያህል አዘገየነው፤ ሌላ የለወጥነው ነገር አልነበረም፣ ትንታው ቆመ።

ወደ ቤት ሲሄዱ

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚሉ ዘመዶች ቤቱን በሚሞሉበት ሰሞን ሕፃኑ ገና ልምዱን አላጸናምና ለጡት ሰዓት የተለየ ጸጥ ያለ ክፍል ወይም መጋረጃ ይከለል፤ ቡናው በሌላ ክፍል ይፈላ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ልጁን መሳም የሚፈልግ ሁሉ እጁን ታጥቦ ከሩቅ ይይ። የካንጋሮው አያያዝ በቤትም ይቀጥል። ሕፃኑ ሁለት ተከታታይ ጡት ከተወ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ከተቋረጠ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ ቀኑን ሳይቆጥሩ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ፤ በባጃጅም ይሁን ከዜጌ በጀልባ፣ በመንገዱ ሁሉ ሕፃኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ለብቻው ሳይሆን በደረትዎ ላይ፣ ቆዳው ከቆዳዎ ጋር ሆኖ ይምጣ።